ለተጎዳ ጅማት አዲስ መርፌ፦ ተስፋው ምን ያህል ነው? ስጋቱስ?

ስፖርት የሚወድ ወጣት ባለበት ቤት ሁሉ የጅማት ሕመም የሚታወቅ እንግዳ ነው። ኳስ ሲጫወት ቁርጭምጭሚቱ የዞረበት፣ ሩጫ ሲለማመድ ከተረከዙ በላይ ያለው ጅማት ያበጠበት፣ ክብደት ሲያነሳ ትከሻውን የተጎዳ ልጅ ወይም ወንድም የሌለው ቤተሰብ ጥቂት ነው። ችግሩ ደግሞ የስፖርተኛ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ ሸክም ሲሸከም የሚውለው የቀን ሠራተኛም፣ ልብስ ስታጥብና ስትጨምቅ የምትውለው እህትም ይህንኑ ሕመም ያውቁታል። ሁሉም የሚጠይቁት አንድ ጥያቄ ነው፦ «ቶሎ የሚያድን ነገር የለም ወይ?»

ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ለዚህ ጥያቄ «አለ» የሚል መልስ በየስፖርት ማዘውተሪያው ሲነገር ይሰማል። መልሱም «ፔፕታይድ» የሚባል መርፌ ነው። በትናንሽ ብልቃጥ በዱቄት መልክ ይሸጣል፤ በውኃ ተበጥብጦ በቆዳ ሥር ይወጋል። የተቆረጠ ጅማት ይቀጥላል፣ የተሰነጠቀ ጡንቻ ይጠግናል፣ የወራቱን ሥራ በሳምንታት ይጨርሳል ይባልለታል።

ለመሆኑ ይህ ነገር ምንድን ነው? ከየት መጣ? የተባለለትን ያህል ይሠራል? አንድ ወጣት ወይም ወላጅ ገንዘቡን ከማውጣቱ በፊት፣ ከዚያም በላይ መርፌውን ሰውነቱ ውስጥ ከማስገባቱ በፊት ሊያውቀው የሚገባው ምንድን ነው?

ጅማት ለምን ቶሎ አይድንም?

ጡንቻ ደም የጠገበ አካል ነው። ሲጎዳ በውስጡ ተኝተው የሚጠባበቁ ልዩ ሕዋሳት ይነቃሉ፤ ተባዝተውም የተጎዳውን ክር ይተካሉ። በዚህም ምክንያት ቀላል የጡንቻ ጉዳት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ይድናል።

ጅማት በአንፃሩ ሌላ ነው። ጅማት ማለት ኮላጅን ከሚባል ፕሮቲን እንደ ገመድ የተፈተለ፣ ጡንቻን ከአጥንት ጋር የሚያያይዝ ጠንካራ ማሰሪያ ነው። በውስጡ ያሉት ሕዋሳት ጥቂት ናቸው፤ የሚደርሰውም ደም አነስተኛ ነው። ባታችንን ከተረከዛችን ጋር የሚያያይዘውንና አኪለስ የሚባለውን ጅማት እንውሰድ። በሰውነታችን ካሉት ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው እርሱ ነው። ሆኖም ከተረከዝ በላይ ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ድረስ ያለው ክፍሉ ደም እንደ ልብ አያገኝም። ብዙ ጊዜ የሚቆስለውና የሚበጠሰውም በዚሁ ቦታ ላይ ነው።

ጅማት ሲጎዳ የሚድነው በሦስት ደረጃዎች ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ቦታው ያብጣል፣ ይሞቃል፣ ያማል። ቀጥሎ ባሉት ሳምንታት አዲስ ኮላጅን ይሠራል፤ ነገር ግን ክሩ የተዘበራረቀና ደካማ ነው። ሦስተኛው ደረጃ ይህንን የተዘበራረቀ ክር በአንድ አቅጣጫ አስተካክሎ የማጠንከር ሥራ ሲሆን፣ ወራትን አንዳንዴም ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። ሕመሙ ጠፋ ማለት ጅማቱ ዳነ ማለት የማይሆነው ለዚህ ነው።

ይህን ፈተና የአገራችን ሯጮች በሚገባ ያውቁታል። አትሌት ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ2000 (እ.ኤ.አ.) በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10,000 ሜትር ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ0.09 ሴኮንድ ቀድሞ ወርቅ ሲያጠልቅ የአኪለስ ጅማቱ ታሞ ነበር። ከውድድሩ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። በ2001 በኤድመንተን የዓለም ሻምፒዮና ሦስተኛ ሆነ፤ በዚያው ዓመት ጥቅምት ወር ደግሞ በብሪስቶል የዓለም የግማሽ ማራቶን ሻምፒዮን ሆኖ ተመለሰ። እንግዲህ የዓለም ምርጥ ሐኪሞችን ማግኘት ለሚችል ሰው እንኳ ጅማት የራሱን ጊዜ ይጠይቃል።

ፔፕታይድ ምንድን ነው?

ሰውነታችን የተገነባባቸው ፕሮቲኖች አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ትናንሽ ቅንጣቶች የተሰካኩ ናቸው። አሚኖ አሲድን እንደ ፊደል ብናየው ፔፕታይድ እንደ ቃል፣ ፕሮቲን ደግሞ እንደ ረጅም ጽሑፍ ነው። ፔፕታይዶች በሰውነት ውስጥ እንደ መልእክተኛ ያገለግላሉ። አንዱ አካል ለሌላው «እደግ»፣ «ስኳር ውሰድ»፣ «ረኃብ ይብቃህ» የሚል ትእዛዝ የሚያስተላልፈው ብዙ ጊዜ በእነርሱ በኩል ነው።

በመሆኑም ፔፕታይድ የሚለው ስም ብቻውን የሚያስፈራ አይደለም። የስኳር ሕመምተኞች የሚወጉት ኢንሱሊን 51 አሚኖ አሲዶች ያሉት ፔፕታይድ ነው። በ1921 በካናዳ ቶሮንቶ ባንቲንግና ቤስት ለይተው አወጡት፤ በጥር 1922 ለመጀመሪያ ጊዜ የ14 ዓመት ታማሚ ልጅ ተወጋው። ከዚያ በፊት ሞት የሚጠብቃቸው በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች እስከ ዛሬ በእርሱ ይኖራሉ። ነገር ግን ኢንሱሊን ጠቃሚ ሆነ ማለት ፔፕታይድ የተባለ ሁሉ ጠቃሚ ነው ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ለየብቻው ሊፈተን ይገባዋል።

ከዛግሬብ የተነሳው መድኃኒት

ለጅማትና ለጡንቻ ከሚነገርላቸው ፔፕታይዶች ዝነኛው ቢፒሲ-157 ይባላል። የስሙ ትርጉም «ሰውነትን የሚጠብቅ ውሁድ» እንደማለት ነው። በክሮኤሺያ ዋና ከተማ በዛግሬብ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ፕሬድራግ ሲኪሪችና ባልደረቦቻቸው በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ አስተዋወቁት። ተመራማሪዎቹ እንደሚሉት በሰው የጨጓራ ፈሳሽ ውስጥ ካለ ፕሮቲን የተቀዳ ሲሆን፣ 15 አሚኖ አሲዶች ብቻ ያሉት አጭር ሰንሰለት ነው።

ጨጓራ ሥጋን የሚፈጭ አሲድ ይዞ ሳለ ራሱን አይፈጭም፤ ግድግዳው ቢቆስል እንኳ ቶሎ ይጠገናል። ታዲያ የመጠገኑ ምስጢር በፈሳሹ ውስጥ ቢኖርስ? የጥናቱ መነሻ ሐሳብ ይህ ነበር። መጀመሪያ በአይጦች ላይ ለጨጓራና ለአንጀት ቁስል ሞከሩት። ቆየት ብለውም የአይጦችን የአኪለስ ጅማት፣ የጭን ጡንቻና የጉልበት ማሰሪያ ቆርጠው ፈተኑት። ቢፒሲ-157 የተሰጣቸው አይጦች ካልተሰጣቸው ይልቅ ፈጥነው መዳናቸውንና የተሻለ መራመዳቸውን ዘገቡ።

በ2011 ደግሞ በታይዋን ያሉ ተመራማሪዎች ከአይጥ ጅማት የወሰዷቸውን ሕዋሳት በብርጭቆ ሳህን ውስጥ አድርገው ፔፕታይዱን ሲጨምሩባቸው ሕዋሳቱ ጉዳትን ይበልጥ ሲቋቋሙና ፈጥነው ሲንቀሳቀሱ ተመለከቱ። በሌሎችም ጥናቶች አዳዲስ የደም ሥሮች እንዲበቅሉ ያግዛል ተብሏል። ደም ለማይበቃው ጅማት ይህ ትልቅ የምሥራች ይመስላል።

ከአይጥ እስከ ሰው

ይሁን እንጂ በአይጥ የተሳካ ሁሉ በሰው አይሳካም። በመጀመሪያ ደረጃ፣ በቤተ ሙከራ የሚቆረጠው የወጣትና የጤነኛ አይጥ ጅማት ነው፤ አንድ ቀን በምላጭ የተቆረጠ ንጹሕ ቁስል ነው። የሰው ጅማት ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚታመመው በዓመታት ድካም ቀስ በቀስ አርጅቶና ተፈርፍሮ ነው። ሁለቱ አንድ አይደሉም። በሁለተኛ ደረጃ፣ ከጥናቶቹ የሚበዙት የወጡት ከዚያው ከዛግሬቡ ቡድን ነው። አንድ ግኝት የሚጸናው ሌሎች በሌላ ቦታ ደግመው ሲያገኙት ነው።

በሰው ላይ የተደረገውስ? በ2015 በ42 ጤነኛ ፈቃደኞች ላይ የደኅንነት ሙከራ ተመዝግቦ ነበር፤ ውጤቱ ግን በሕክምና መጽሔት ሳይወጣ ቀረ። በ2021 በአሜሪካ ጉልበታቸውን የታመሙ ከ20 የማይበልጡ ሰዎች ፔፕታይዱን ጉልበታቸው ውስጥ ተወግተው አብዛኞቹ እንደተሻላቸው ተናገሩ። ሆኖም የሚነጻጸሩበት ያልተወጋ ወገን አልነበረም።

ማነጻጸሪያ ለምን ያስፈልጋል? የሚከተለው ታሪክ ይመልሰዋል። ከበሽተኛው ከራሱ ደም ተጣርቶ የሚወጋ ሌላ ሕክምና በስፖርተኞች ዘንድ እጅግ ዝነኛ ሆኖ ነበር። በኔዘርላንድ የሚገኙ ሐኪሞች አኪለሳቸውን የታመሙ 54 ሰዎችን በሁለት ከፈሉ። ግማሾቹን ከደማቸው የተጣራውን፣ ግማሾቹን የጨው ውኃ ወጉ። ማን የትኛውን እንደተወጋ ታማሚዎቹ አላወቁም፤ ሁሉም ግን ተመሳሳይ የእግር እንቅስቃሴ እንዲሠሩ ተደረገ። በ2010 የወጣው ውጤት ብዙዎችን አስደነቀ፦ ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው፤ በመካከላቸው ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። እንግዲህ ጊዜ፣ እንቅስቃሴና ተስፋ ብቻቸውን ብዙ ያድናሉ። «ተወጋሁና ዳንኩ» የሚል ምስክርነት ያዳነው መርፌው መሆኑን አያረጋግጥም።

የ34ቱ ተጫዋቾች ታሪክ

ሌላው ስሙ የሚነሳው ቲቢ-500 ነው። ታይመስ የሚባለው በደረት ውስጥ ያለ ዕጢ የሚያመነጨውን ነገር በ1960ዎቹ አለን ጎልድስታይንና አብርሃም ኋይት የተባሉ ተመራማሪዎች ታይሞሲን ብለው ሰየሙት። ከዚያ ቤተሰብ ታይሞሲን ቤታ-4 የሚባለው 43 አሚኖ አሲዶች አሉት፤ ሕዋሳት ወደ ቁስል እንዲንቀሳቀሱ ያግዛል። ቲቢ-500 ከዚህ ተቆርጦ በፋብሪካ የሚሠራ ቁራጭ ሲሆን፣ በስፖርቱ ዓለም ስሙ አስቀድሞ የተሰማው በፈረስ እሽቅድምድም ነው።

በአውስትራሊያ ኤሰንደን የሚባል የእግር ኳስ ክለብ በ2012 የውድድር ዘመን ለተጫዋቾቹ የመርፌ ፕሮግራም አወጣ። ተጫዋቾቹ የሚሰጣቸው ነገር የተፈቀደ ነው ተብለው ወረቀት ላይ ፈረሙ። ጉዳዩ ዓመታት ፈጅቶ በጥር 2016 የዓለም የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤት 34 የክለቡ የቀድሞና የወቅቱ ተጫዋቾች ታይሞሲን ቤታ-4 ተወግተዋል ሲል ፈረደ፤ የሁለት ዓመት እገዳም ጣለባቸው። ሙሉ የ2016 የውድድር ዘመን አመለጣቸው። የቡድኑ አምበል የነበረው ጆብ ዋትሰን በ2012 ያገኘውን የዓመቱ ምርጥ ተጫዋች ሜዳሊያ አጣ። «አሠልጣኞቻችንን አምነን ነው» የሚለው መከራከሪያ አላዳናቸውም።

ለምን ቢባል የዓለም ፀረ-ዶፒንግ ሕግ ግልጽ ነው፦ በስፖርተኛው ሰውነት ውስጥ ለተገኘው ነገር ኃላፊው ራሱ ስፖርተኛው ነው። ታይሞሲን ቤታ-4ና ቲቢ-500 ክልክል ናቸው። ቢፒሲ-157ም ከጥር 1 ቀን 2022 ጀምሮ ለሰው ሕክምና ካልጸደቁ ነገሮች ተርታ በስም ተጠቅሶ ተከልክሏል፤ በውድድር ጊዜም ሆነ ከውድድር ውጭ። ቅጣቱ እንደ ጥፋቱ ክብደት እስከ 4 ዓመት ሊደርስ ይችላል። ለአንድ ሯጭ 4 ዓመት ማለት የዕድሜው ሩጫ ማለት ነው።

ይህ ነገር ለእኛ ሩቅ አይደለም። በ2016 ዓለም አቀፉ የአትሌቲክስ ፌዴሬሽን በፀረ-ዶፒንግ ቁጥጥራቸው ድክመት ጥብቅ ክትትል ያስፈልጋቸዋል ካላቸው አምስት አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። «ጉዳትህን ቶሎ ያድንልሃል» ብሎ መርፌ የሚያመጣ ወዳጅ፣ ሳያውቀው የወጣቱን እንጀራ ሊቆርጥ ይችላል።

ብልቃጡ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

ስፖርት ለማይወዳደር ሰውም ቢሆን ጥያቄው አላበቃም። እነዚህ ብልቃጦች ብዙውን ጊዜ «ለምርምር ብቻ፤ ለሰው አይውልም» የሚል ጽሑፍ ተለጥፎባቸው ይሸጣሉ። ይህ ጽሑፍ ሻጩ ከመድኃኒት ሕግ የሚሸሽበት ጥላ ነው። መድኃኒት ተብሎ ያልተመዘገበ ነገር ንጽሕናውንና መጠኑን የሚቆጣጠርለት የለም። በፔፕታይድ ፋንታ ሌላ ነገር፣ ወይም ከተጻፈው ያነሰ አለዚያም የበዛ ሊኖርበት ይችላል። በደንብ ያልተጣራ ከሆነ የባክቴሪያ ርዝራዥ ትኩሳትና መመረዝ ያስከትላል።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ቢፒሲ-157ን ለመድኃኒትነት አላጸደቀውም። በ2023ም መድኃኒት ቀማሚዎች ቢጠቀሙባቸው ከባድ የደኅንነት ስጋት ሊያመጡ ይችላሉ ካላቸው ነገሮች መካከል መድቦታል። የሰውነት መከላከያ ሊቆጣ መቻሉ፣ ከውስጡ ሊኖር የሚችለው ባዕድ ነገርና የሰው ላይ መረጃ ማነስ ምክንያቶቹ ነበሩ።

ሌላም ጥንቃቄ አለ። አዲስ የደም ሥር ማብቀል ለተጎዳ ጅማት መልካም ነው፤ ነገር ግን ካንሰርም የሚያድገው ደም ሥር ወደ ራሱ ስቦ ነው። ፔፕታይዱ በሰው ላይ ካንሰር አምጥቷል የሚል ማስረጃ የለም፤ አያመጣም የሚያሰኝ ረጅም ጥናትም የለም። ለነፍሰ ጡር፣ ለምታጠባ እናትና አካሉ ገና በማደግ ላይ ላለ ልጅ ደግሞ ጉዳዩ የበለጠ ያሳስባል። በአንድ መርፌ መጋራት ሲጨመርበትማ የጉበት ቫይረስና ኤች.አይ.ቪ. በር ላይ ቆመዋል።

ሐላል ነው ወይ?

ይህ ጥያቄ ከሙስሊም ቤተሰብ መነሳቱ አይቀርም። ከምንጩ እንጀምር። እንዲህ ያሉ አጫጭር ፔፕታይዶች ዛሬ በአብዛኛው ከእንስሳ አይወሰዱም። አሜሪካዊው ብሩስ ሜሪፊልድ በ1963 ባስተዋወቀውና በ1984 የኖቤል ሽልማት ባስገኘለት ዘዴ፣ አሚኖ አሲዶች በቤተ ሙከራ አንድ በአንድ እየተሰካኩ ይሠራሉ። ኢንሱሊን ቀድሞ ከአሳማና ከከብት ቆሽት ይወጣ ነበር፤ ከ1982 ጀምሮ ግን የሰውን ዓይነት በባክቴሪያ አማካይነት ማምረት በመቻሉ ጭንቀቱ ለብዙዎች ቀለለ። በእንክብል የሚሸጥ ፔፕታይድ ከሆነ ግን ሽፋኑ የተሠራበት ጄላቲን ከምን እንደመጣ መጠየቅ ተገቢ ነው። ፈቃድ የሌለው ነጋዴ ለዚህ እውነተኛ መልስ አለው ብሎ መተማመን ያዳግታል።

ከምንጩ ባሻገር ደግሞ ሌላ ነገር አለ። እስልምና ሕክምናን መፈለግን ያበረታታል፤ ሰውነት ግን አማና ነው። ጥቅሙ ያልታወቀ፣ ጉዳቱም ያልተመረመረ ነገር ሰውነት ውስጥ ማስገባት ከዚህ አማና ጋር እንዴት እንደሚሄድ እያንዳንዱ ሊያስብበት ይገባል። ፍርዱን ለዑለማዎቻችን እንተወው፤ ሲጠየቁ ግን «ዝነኛ መድኃኒት ነው» ተብሎ ሳይሆን እውነተኛው ሁኔታ ይነገራቸው።

ታዲያ ምን ይሠራል?

የሚገርመው፣ በሰው ላይ በሚገባ ከተፈተኑት የጅማት ሕክምናዎች ዋነኛው ዋጋው ባዶ ነው። ስዊድናዊው የአጥንት ሐኪም ሆካን አልፍሬድሰን የራሱ አኪለስ ታሞ ነበር። አለቃው «ለዚህ ቀዶ ሕክምና አላደርግልህም» ሲለው፣ እንዲበጠስና እንዲታከምለት ብሎ የታመመውን እግሩን ሆን ብሎ ማድከም ጀመረ። ጅማቱ ግን በመበጠስ ፋንታ ዳነ።

አልፍሬድሰን ይህንን በጥናት ፈተሸው። በ1998 ባወጣው ጽሑፍ ሕመማቸው ሥር የሰደደ 15 ሯጮች ለ12 ሳምንታት በየቀኑ እንቅስቃሴውን ሠሩ፤ ሁሉም ወደ ቀድሞ ሩጫቸው ተመለሱ። አሠራሩ ቀላል ነው። ደረጃ ላይ በእግር ጣቶች ቆሞ በደህናው እግር መነሳት፣ ከዚያም ክብደትን በታመመው እግር ላይ ጥሎ ተረከዝን ቀስ ብሎ ወደታች ማውረድ። አንዴ ጉልበትን ዘርግቶ፣ አንዴ አጠፍ አድርጎ፣ በእያንዳንዱ 15 ጊዜ በሦስት ዙር፣ ጠዋትና ማታ። በቀን 180 ጊዜ ማለት ነው። የጅማት ክሮች የሚስተካከሉትና የሚጠነክሩት በልኩ ጭነት ሲያገኙ ነውና ፍጹም እረፍት ብቻውን አያድንም። ይህ ግን ለቆየ ሕመም እንጂ ለተበጠሰ ጅማት አይደለም፤ ከመጀመሩም በፊት ሐኪም ወይም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ማማከር ያስፈልጋል።

ለቤተሰብ የሚጠቅሙ ምክሮች

1. በሩጫ ወይም በዝላይ መሐል ከተረከዝ በላይ «ጧ» የሚል ድምፅ ተሰምቶ በእግር ጣት መቆም ካቃተ ጅማቱ ተበጥሶ ሊሆን ይችላል። በዚያው ዕለት ሆስፒታል መሄድ ነው። ወጌሻ ዘንድ ሄዶ ማሳሸት ጊዜ ያስባክናል፤ ጉዳቱንም ሊያብስ ይችላል።

2. ሲፕሮፍሎክሳሲንና የዚያ ቤተሰብ የሆኑ አንቲባዮቲኮች ጅማት ሊያሳምሙና ሊያስበጥሱ ይችላሉ። የአሜሪካው አስተዳደር በ2008 ጥብቅ ማስጠንቀቂያ እንዲታተምባቸው አዟል። ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከመድኃኒት ቤት ገዝቶ መዋጥ ይቅር። እየወሰዱ ተረከዝ አካባቢ ሕመም ከተሰማ ለሐኪም ቶሎ መንገር ይገባል።

3. ሲጋራ የጅማትን መዳን ያዘገያል።

4. ውድድር ያለው ወጣት ማንኛውንም መርፌ ወይም እንክብል ከመውሰዱ በፊት ስፖርተኛ መሆኑን ለሐኪሙ ይንገር፤ ከፀረ-ዶፒንግ ባለሙያም ይጠይቅ።

5. ከውጭ አገር ዘመድ የላከው ብልቃጥ ቢሆንም፣ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይጠቀሙበት። በፍቅር የተላከ መሆኑ ይዘቱን አያጠራውም።

6. ጉልበቱን ወይም እግሩን የተጎዳ ሰው ሶላቱን ተቀምጦ ለመስገድ ሃይማኖቱ ያገራለታል። ጉዳት ላይ ያለ ጅማትን በግድ ማጠፍ ጀግንነት አይደለም።

ውድ አንባቢያን፣ ቢፒሲ-157ም ሆነ መሰሎቹ ነገ በሰው ላይ በአግባቡ ተፈትነው ጠቃሚ ሆነው ሊገኙ ይችላሉ። ያ ቀን ከመጣ ሐኪሙ በማዘዣ ይጽፋቸዋል፤ መድኃኒት ቤቱም በማኅተም ይሸጣቸዋል። እስከዚያው ግን በገዛ ሰውነቱ ላይ ሙከራ የሚሠራ ወጣት የሙከራው አይጥ ራሱ ነው፤ ውጤቱንም የሚመዘግብለት የለም። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል። ለጅማት 12 ሳምንት ትዕግሥት ከማይታወቅ ብልቃጥ ይሻላል። አላህ ለታመሙት ሁሉ ሺፋውን ይስጥልን።